የማይደነቀው ጉበቴ

ስለ ራስ ሲወራ ከበጎው መጀመር ስለሚሻል ከሱቄ ልጀምር፤ የቀረው ወሬ የሚያስመሰግነኝ አይደለም። ቤቴል ውስጥ፣ ሁለት ክሊኒኮችና አንድ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት በሚተያዩበት መንገድ ዳር የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ቦታዋ ጥሩ ነው። ከክሊኒክ የወጣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ኮፒ ያስደርጋል፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለሌላ ሐኪም፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደሆነ ራሱም ሳያውቀው። ወረቀቱ ማሽኑ ላይ ሲገለበጥ ታዲያ ዓይንን ጨፍኖ መቆም አይቻልም። እኔም አየሁ። ካየሁ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ያቃተኝ እሱ ነው።

የሰፈሩ የሕክምና ወረቀት ተርጓሚ የሆንኩት እንዲህ ነው። ሹመቱን የሰጠኝ የለም። አንድ ቀን አንዲት እናት «ልጄ፣ እስቲ ምን ይላል?» አሉኝ። «ኖርማል» የሚል አየሁና ደህና ነዎት አልኳቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ ጣመኝ። በማግስቱ ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛና በአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ስንት ሕመም እንደተረጎምኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። መዝገበ ቃላቱን አይጥ በልቶት ከ«ቲ» ፊደል በኋላ ያለው ክፍል የለውም። እኔም ብዙ አላዘንኩም። ከ«ቲ» በኋላ የሚመጣ በሽታ ስንት አለና ነው ብዬ።

የሌለውን ቃል ደግሞ የለም ማለት አልለመድኩም። እግሯ ላይ የሚያሳክክ ነገር የወጣባት አንዲት ሴት «ኢዲዮፓቲክ» የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። መዝገበ ቃላቱን ገለበጥኩ፤ አጣሁት። ሴትየዋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ይሄ ኢዲዮ የሚባል የውጭ አገር ሐኪም ያገኘው በሽታ ነው፣ በስሙ ተጠራ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ቃሉ ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት እንደሆነ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሐኪሙ በአጭሩ «እኔም አላወቅሁም» ማለቱ ነበር። ከሁለታችን ሐቀኛው እሱ ነው።

ይህን የነገረችኝ ፊት ለፊቴ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። ሴትየዋ እዚያ ሄዳ የዶክተር ኢዲዮን ቅባት ጠይቃት ኖሯል። ፋርማሲስቷ መንገዱን ተሻግራ መጥታ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሰው እንዳላስጨርስ ለመነችኝ። እኔም በወረቀቴ እንጂ በመድኃኒትሽ አልገባሁም አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርቀት ራስ በመነቅነቅ ብቻ ነው ሰላም የምንባባለው።

አሁን ወደ ራሴ ጎን ልምጣ። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ የሆነ ነገር ይወጋኝ ጀመር። ጎንበስ ስል ይወጋኛል፤ ስስቅ ይወጋኛል። ባለቤቴ ታደለች ሦስት ቀን ሳቃስት ሰማችኝና በአራተኛው ቀን ክሊኒክ ካልሄድክ ምሳ የለም አለችኝ። ሄድኩ። ሐኪሙ ጫን ጫን አድርጎ አየና አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። በቀጠሮው ቀን፣ በወረቀቱ ላይ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሜ፣ ዓርብ ጠዋት ቀረብኩ።

የምትመረምረኝ ባለሙያ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባችና ትንፋሼን እንድይዝ ነገረችኝ። ያዝኩ። እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ አንድ ነገር ለካች፤ ጻፈች፤ እንደገና ለካች። እኔ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነኝ። ልቀቅ እስክባል አልለቅም ብዬ ጸናሁ፤ ዓይኔ መንቦግቦግ ሲጀምር ዞር ብላ አየችኝና ኧረ ይተንፍሱ አለችኝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ «እህ» አለች። «እህ» በየትኛውም መዝገበ ቃላት ስለሌለ ያንን ብቻ ሳልተረጉም ተውኩት።

ውጤቱን በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። ሰኞ ጠዋት ሳልከፍት ለሐኪሙ እንዳቀርብ ተነገረኝ። የሰውን ሁሉ ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ሰው የገዛ ሆዴን ወረቀት ለሦስት ቀን ሳልከፍት ላስቀምጥ? ሱቄ ገብቼ መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩት።

ጉበት፣ አንሪማርከብል። ሐሞት ከረጢት፣ አንሪማርከብል። ጣፊያ፣ አንሪማርከብል። ሁለቱም ኩላሊቶች፣ አንሪማርከብል። አንድ የውስጥ ዕቃዬ እንኳ ከዚህ ቃል አልተረፈም።

ቃሉ በ«ዩ» ይጀምራል። አይጡ የበላው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን ቆርጬ «ሪማርከብል» የሚለውን ፈለግሁ፤ ድንቅ፣ ሊወሳ የሚገባው ይላል። ስልኬን ጠየቅሁት፤ እሱም የማይደነቅ አለኝ። እንግዲህ የማይደነቅ ጉበት፣ ሊወሳ የማይገባው ጣፊያ። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሐኪም ጨዋ ነው፤ አልቆልሃል ብሎ አይጽፍም። አንድ ልጅ ፈተና ሲወድቅ መምህሩ «ውጤቱ የሚደነቅ አይደለም» እንደሚለው ነው የጻፈልኝ። ሊወሳ የማይገባው የሚለው ደግሞ ባሰብኩት ቁጥር ከበደኝ። ባናነሣው ይሻላል ዓይነት ነገር ነው።

በዚህ ላይ ቆሽቴ ተጨመረ። እሱን ብቻ ለይተው፣ በጋዝ ስለጨለመ ወይም ስለተጋረደ ሊታይ አልቻለም ብለዋል። «ጨለመ» የሚለውን ከመዝገበ ቃላቴ ነው ያገኘሁት፤ ለጋዝ መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም፣ ድሮ እናቴ ቤት ምድጃ የምንለኩስበት ነው። ላለፉት ዓመታት በስንቱ ነገር ቆሽቴ ሲያርር እንደኖረ አስታወስኩ። በመብራት መጥፋት አርሯል፤ በቀበሌ ሰልፍ አርሯል፤ በፋርማሲስቷ አርሯል። አሁን ደግሞ ጋዝ ደረሰበት። ሐሞቴ በዚያው ሰዓት ፍስስ አለ፤ የማይደነቅ መባሉ እንግዲህ ልክ ነበር ማለት ነው።

መንገዱን ተሻግሬ ፋርማሲስቷን መጠየቅ እችል ነበር። አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ተነሣሁ፤ እስከ በሩ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ተርጓሚው የራሱን ወረቀት ማስተርጎም መጣ ከምትለኝ መሞቱ ቀለለኝ። ይህን ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ክብር መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ፤ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው የዋልኩት። አንድ ጎልማሳ «ኔጋቲቭ» የሚለውን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ነህ ማለት ነው አልኩትና እጁን ይዤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቅሁትም። ወረቀቱን ቀምቶኝ በፍጥነት ወደ ፋርማሲስቷ ሲሻገር አየሁት።

ቤት ገብቼ የምሳውን ሳህን አጠብኩ። ታደለች ከበሩ ቆማ አየችኝ። ሽሮዋን አመሰገንኩ። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራችን ሽሮዋን በላሁ እንጂ አመስግኜ አላውቅም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ምን አጥፍቼ እንደሆነ አሁኑኑ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋሁም አልኳት። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ነገ እትዬ አስካለ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ታደለች ተነሥታ ነጭ ሸሚዜን ፈልጋ መተኮስ ጀመረች። ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርታ መሰለኝ፣ ለምን እንደምሄድ እንኳ አልጠየቀችኝም።

እትዬ አስካለ ታላቅ እህቴ ናት። ሳንሱሲ ነው የምትኖረው። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ያኔ የልጇ የዮናስ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወልቂጤ ያለችው እናታችን ሆዷን አመማትና ተመረመረች። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ መጣ። «ክሮኒክ» የጨጓራ ሕመም ይላል። «ሲ» ፊደል በመዝገበ ቃላቴ ሙሉ ነው። ክሮኒክ፣ ሥር የሰደደ። ቤተሰቡ በእትዬ አስካለ ሳሎን ተሰብስቦ አፌን ያየኛል። ሥር የሰደደ ነገር አይነቀልም አልኳቸው። እናታችንን ተሰናበቱ አልኳቸው።

የዮናስ እጮኛ ሰናይት እዚያ ነበረች። የነርስነት ተማሪ ነበረች ያኔ። በትሕትና፣ ክሮኒክ ማለት የቆየ ማለት እንጂ የሚገድል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ከጨጓራው ጋር እስከ እርጅናው ይኖራል አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፤ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም አልኳት፤ በአማቷ ፊት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ሠርጉ ቀረ። ድንኳኑ ተመለሰ፤ የተገዛው በሬ ግቢ ታስሮ ቀረ። ሁላችንም ወልቂጤ ወረድን። እናቴ ሰባት ቀን አልቅሰንባት በስምንተኛው ቀን ክትፎ ጠየቀች። በልታ ስትጨርስ ሠርጉ መቼ ነው አለች። ሠርጉማ እንደገና ቀን ሳይቆረጥለት ዐቢይ ጾም ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ በጥቂት ሰው ተደረገ፤ እኔ አልተጠራሁም። እናቴ ዛሬም አለች፤ በርበሬ ተዪ ስትባል ትቆጣለች። እትዬ አስካለ ግን ከእኔ ጋር ያለውን ነገር በዚያው ዘጋችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣሁ። ጦር ኃይሎች ላይ ብርቱካን ገዛሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያነሰ መሰለኝና ሙዝ ጨመርኩ። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ። የአስኮ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ የምናገረውን አዘጋጀሁ። እትዬ፣ ቀኔ አጭር ነው፣ ሳልሄድ ይቅር በይኝ። ጥሩ ነበር። ራሴንም ትንሽ አስለቀሰኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት ሶፍት ሰጠችኝ።

በሩን የከፈተችው ራሷ እትዬ አስካለ ናት። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ አራት ዓመት እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አላወቅሁም ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ ብርቱካኑን አየችና፣ የበሩን እጀታ ጨብጣ ጠየቀችኝ።

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው» አልኳት።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። በሩ ላይ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ጎኔ ወጋኝና አቃሰትኩ። ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ደግፋ ሳሎን አስገባችኝ። ያ ሳሎን ነው፤ ያው ሶፋ። ሰናይት ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ በአክብሮት ሰላም አለችኝ። ልጅቷ የእሷና የዮናስ ልጅ ኤልዳና ናት፤ ሦስት ዓመቷ ነው። መወለዷን በታደለች በኩል ሰምቼ ነበር፤ አይቻት ግን አላውቅም።

ውስጤ አልቋል፣ ቆሽቴም በጋዝ ጨልሟል አልኳት ለእህቴ። ሞኝ ነበርኩ፤ የልጅሽን ሠርግ አበላሸሁ፤ ይቅር በይኝ አልኳት። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አንገቴን አቅፋ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች አለቀሰች። ይቅር አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ፤ ቆጥሬያለሁ። እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም ብዬ ሳስብ ሰናይት ቀስ ብላ ወረቀቱ አብሮኝ እንዳለ ጠየቀችኝ።

አሁን ነርስ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኪሴን በእጄ ጫን አድርጌ፣ ምን ያደርግልሻል፣ አንብቤዋለሁ አልኳት። እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት።

አንድ ጊዜ አነበበች። ገልብጣ ጀርባውን አየች። እንደገና አነበበች። ከዚያ እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩት ጠየቀችኝ። ጉበቴን፣ ሐሞቴን፣ ጣፊያዬን፣ ኩላሊቶቼን በተራ ነገርኳት፤ የማይደነቁ፣ ሊወሱ የማይገቡ። ስለ መምህሩና ስለወደቀው ልጅም ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠችኝ። አንድ ጊዜ ፊቷን ወደ ልጅዋ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ እያለቀሰችልኝ መሰለኝና አጽናናኋት።

«ጋሼ፣ አንሪማርከብል ማለት ደህና ነው ማለት ነው» አለችኝ ስትዞር። «ሐኪሙ የሚናገረው ችግር አላገኘበትም። ጉበትዎ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።»

«ቆሽቴስ?»

«ቆሽትዎን ማየት አልቻሉም። አንጀትዎ ውስጥ ያለ አየር ሸፍኖባቸው ነው፤ ጋዝ የሚሉት እሱን ነው። ጾመው ይምጡ አላሉዎትም ነበር?»

ብለውኛል። የቀጠሮው ወረቀት ላይ «ፋስቲንግ» ይላል፤ ራሴ ነኝ የተረጎምኩት። ስለጾምኩም አልዋሸሁም። ዓርብ ጠዋት ሥጋም ቅቤም ወተትም አልነካሁም። አንድ ሙሉ ሳህን የባቄላ ንፍሮ ብቻ ነው የበላሁት፤ እንዳይርበኝም ትንሽ ደግሜያለሁ።

ይህን ስነግራት ሰናይት መቻል አቃታት። ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። አራት ዓመት የተጠራቀመ ሳቅ ነበር፤ የሚገባኝም ነበር። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች በቀኝ እጄ ምን እንደምሠራ፣ ከባድ ነገር አንሥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት አሥር ካርቶን ወረቀት ብቻዬን ከመኪና አውርጃለሁ። እዚያው ጎኔን በጣቷ ጫን አለችው፤ ጮኽኩ። ጡንቻ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ፤ ሆኖም ነገ ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ሳልቀር እንድሄድ፣ እሱ የሚለውንም እሱ ራሱ እንዲያስረዳኝ አዘዘችኝ። እሺ አልኳት። ቀጥዬም፣ ያኔም ልክ ነበርሽ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። በአማቷ ፊት ነው ያልኩት፤ ያዋረድኳት እዚያ ስለነበር።

ሰናይት እንደ ድሮው አንገቷን ደፋች፤ አሁን ግን ፈገግ ብላ ነው።

ቀና ስል እትዬ አስካለ የለችም። ጓዳ ገብታለች። የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ከበድ ያለ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ይልቅ ፈራሁ። ይቅርታውን የሰጠችኝ ልሞት ነው ብላ ነው። አሁን እንደማልሞት ተረጋግጧል። የተሰጠው በስህተት ነውና ይመለስ ብትልስ? ብርቱካኑን አየሁ፤ በሩን አየሁ።

ጎመንና አይብ በቆጮ ይዛ መጣች። ፊቴ አስቀመጠችው። አልተቀመጠችም።

«ደህና ሆነህ ለምን አልመጣህም?» አለችኝ። «ለመምጣት መሞት ነበረብህ?»

 እውነቱን ነገርኳት። እናታችን ክትፎውን በበላችበት ቀን ነበር መሳሳቴን ያወቅሁት። በማግስቱ መጥቼ ተሳስቻለሁ ልላት አሰብኩ፤ አፈርኩ። በሳምንቱ አሰብኩ፤ አሁንም አፈርኩ። ሠርጉ ሲያልፍ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ዓመት ሲሞላው ኀፍረቱ ኩራት መሰለ፤ እሷ ትምጣ ማለት ጀመርኩ። እኔ እንኳ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

እትዬ አስካለ ሰምታ ጨረሰች። አጠገቤ ተቀመጠችና ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ኤልዳና በዚህ ሁሉ መሐል ሶፋው ጥግ ቆማ ስታየኝ ነበር። ጠጋ አለችና የአያቷን ቀሚስ ሳብ አድርጋ ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ወንድሜ ነው» አለቻት እትዬ አስካለ። «ታሞ ነበር፤ ዛሬ ተሻለው።»